የቁም እድር

ጋሽ ሽፈራው የደወሉልኝ የጫካው ቃጠሎ ጭስ በወረደ በሦስተኛው ቀን ነው። የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው። ቁጥራቸውን ስልኬ ላይ ሳየው ገና ሰው እንደሞተ አወቅኩ፤ እሳቸው ለደህና አይደውሉም።

«የብሌን እናት፣ ተቀምጠሻል?» አሉኝ።

ቆሜ ነበር። ጭስ እንዳይገባ የልጄን መስኮት ዳር ዳሩን በቴፕ እየለጠፍኩ ነበር።

«እትዬ ለተ አረፉ» አሉ።

ቴፑ ጣቴ ላይ እንደተጣበቀ ቀረሁ። ቀብሩ ከነገ ወዲያ ታኮማ ከተማ ነው፣ ለቅሶው እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነው ብለው ነገሩኝ። ስፒከር ላይ አድርጌው ስለነበር ብሌን ከበሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ልጄ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። አስም አለባት። ጫካው ተቃጥሎ ጭሱ እኛ ዘንድ ሲደርስ እኔ ከቤት አላስወጣትም፤ እስከ ፖስታ ሳጥኑ ድረስ እንኳ አላስወጣትም።

«አይም ጎይንግ» አለችኝ። እሄዳለሁ ማለቷ ነው።

«ወዴት?»

«ቱ ዘ ፊዩነራል፣ ማሚ።» ወደ ቀብሩ ማለቷ ነው።

«በዚህ ጭስ? አብደሻል እንዴ?»

«ሺ ዉድ ካም ፎር ሚ» ብላ በሩን ዘጋችብኝ። ለእኔ ቢሆን እሳቸው ይመጡ ነበር ማለቷ ነው። እውነቷን ነው። ያውም መጥተውላታል።

ሁለት ቀን ሙሉ ልውሰዳት ልተዋት እያልኩ ስብሰለሰል፣ በልቤ የተመላለሱት እትዬ ለተ ናቸው። እኔ አራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። ስለዚህ አጻጻፌ ቢወላገድ ይቅርታ፤ እሳቸው ግን ሳይጻፉ ቢቀሩ ነውር ነው።

መጀመሪያ ያየኋቸው በእግራቸው ነው። ሬንተን ከተማ የምንኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ የጋራ ልብስ ማጠቢያ አለ። ማድረቂያው ከተበላሸ ሳምንት አልፎት ነበር። ማኔጀሩ «ሠሪዎቹ ይመጣሉ» ይላል፤ ማንም አይመጣም። አንድ ቀን እርጥብ ልብሴን ይዤ ስወርድ፣ ከማሽኑ ኋላ ሁለት ቀጫጭን እግሮች ተዘርግተው አየሁ። ጫማው የአሮጊት ነው። «ኧረ ሰው ሞቷል! ኧረ ድረሱ!» ብዬ ጮህኩ።

«አልሞትኩም። ባይሆን መብራት ያዢልኝ» አለ ድምፅ ከማሽኑ ኋላ።

የስልኬን መብራት አብርቼ ጎንበስ ስል፣ ሰባ ዓመት የሚሆናቸው ረጅም ሴትዮ የማድረቂያውን ጀርባ ፈትተው ውስጡ ገብተዋል። ሹሩባቸው ውስጥ እንደ ማበጠሪያ ካቻቪቴ ሰክተዋል።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ የሰው ንብረት ነው። ፖሊስ ቢጠሩብንስ?»

«ይጥሩ። ፖሊሱም ቢሆን እርጥብ ሱሪ አይለብስም።»

ከዚያ እጃቸውን ቱቦው ውስጥ ሰደዱና የበግ ፀጉር የሚመስል የልብስ ብናኝ ጎትተው አወጡ። አንድ የሕፃን ካልሲም አብሮ ወጣ። ብናኙን አፍንጫዬ ሥር አስጠጉት።

«ይሄ ነው ሕንፃውን የሚያቃጥለው። አንቺ ፖሊስ ትፈሪያለሽ፤ ይሄን አትፈሪም። ፍርሃትሽ ደህና ነው ጓለይ፣ አድራሻ ነው የተሳሳተው።»

ጓለይ በትግርኛ ልጄ ማለት ነው። ወላጆቻቸው ከኤርትራ ናቸው፤ እሳቸው ግን ተወልደው ያደጉት ድሬዳዋ ነው። አባታቸው የባቡር ጥገና ቤት ውስጥ ብረት ሠራተኛ ነበሩ፤ ወንድ ልጅ አልነበራቸውምና መፍቻ ሲያቀብሉ ያደጉት እሳቸው ናቸው። እዚህ መጥተው ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጣፊ ሆነው ተቀጠሩ። ማጠቢያ ማሽኖቹ በተበላሹ ቁጥር ግን የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። ይህን የነገሩኝ እየኮሩ አይደለም፤ እየሳቁ ነው። «አለቃዬ በወረቀት አጣፊ ናት ይላል፤ በአፉ ግን ‹ለተ፣ ሄልፕ› ነው» ይሉ ነበር።

እኔ ፈሪ ነኝ። ድሮም ነበርኩ፣ ብሌን ከተወለደች ወዲያ ግን ባሰብኝ። የእንግሊዝኛ ደብዳቤ እፈራለሁ። ፍሪዌይ ላይ፣ በፈጣኑ መንገድ፣ መንዳት እፈራለሁ። ጠዋት ከመውጣቴ በፊት እጄን ደረቷ ላይ አድርጌ ካላዳመጥኩ ሥራ አይሠራልኝም፤ ኤርፖርት ውስጥ የሰው ዊልቸር እየገፋሁ ጆሮዬ የልጄ ደረት ላይ ነው። የእትዬ ለተ ያለመፍራት ስለዚህ እንደ ተአምር ነበር የሚታየኝ። ዘወትር ከኋላ ከኋላቸው መሄድ ጀመርኩ።

በዚያው ዓመት የእድሩ ስብሰባ ላይ የሆነውን እስካሁን ሰው ያወራዋል። ሁሉም ነገር አልቆ ልንነሳ ስንል እትዬ ለተ እጃቸውን አወጡ።

«እኔ ስሞት ምን ታደርጉልኛላችሁ?»

ጋሽ ሽፈራው ደነገጡ። «ኧረ እግዜር ያቆይልን! ግን ያው... ወንበር አለ፣ ምግብ አለ፣ ሰውም ይቆማል። ምንም አይጎድልም።»

«ጥሩ። ባለፈው በንፋሱ ምክንያት መብራት ሦስት ቀን ሲጠፋ የት ነበራችሁ? ኮት ለብሼ ቀዝቃዛ ሩዝ ስበላ ማን በሬን አንኳኳ?»

«ያኔ አልሞቱማ!» አለ አንዱ ከኋላ። ሰው ሳቀ።

«እኔም እሱን ነው የምለው። እንድትመጡ ምን ያህል ወደ ሞት ልቅረብ?»

ጋሽ ሽፈራው ነገሩን በቀልድ ሊያበርዱት ፈለጉ። «እንግዲህ የቁም ተዝካር ሰምተናል። የቁም እድር ግን ገና ዛሬ መስማታችን ነው!»

አዳራሹ ሁሉ በሳቅ ወደቀ። እኔ በእሳቸው ፈንታ አፍሬ መሬት መሬቱን አየሁ። እትዬ ለተ ግን ከእኔ እስክሪብቶ ተቀበሉና መዳፋቸው ላይ ጻፉት። የቁም እድር።

«ስም አጥቼለት ነበር። እግዜር ይስጥልኝ ሊቀመንበር» አሉ። «ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ከሕንፃችን ጀርባ ፓርኪንጉ ላይ። መዋጮው እጅ ነው። እጅ ያለው ይምጣ።»

የመጀመሪያው ቅዳሜ አራት ሰዎች ነበርን፣ ያውም አንዷ ዕቃዋን አሠርታ ልትሄድ ነው የመጣችው። አልተሳካላትም። እትዬ ለተ ለሰው አይሠሩም። ዕቃህን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለህ፣ ካቻቪቴውን አንተው ትይዛለህ፣ እሳቸው አጠገብህ ቆመው «ቀጥሎስ?» ይላሉ። «እኔ ከሠራሁት የኔ ይሆናል» ነው የሚሉት። ብረት ምጣድ የመሰሉ ሴትዮ ናቸው ብሎ አንዱ ተቆጥቶ ሄደ፤ በሳምንቱ የተበላሸ የምንጣፍ መጥረጊያ ማሽኑን ይዞ ተመለሰ።

ቀስ በቀስ ሰው በዛ። የወይራ ፍሬ የመጣበትን ትልልቅ በርሜል ከሱቅ ለምነን የጣሪያውን ዝናብ ማጠራቀም ጀመርን። ዝናብ እንኳ እዚህ አገር አይቸግርም። ማኔጀሩን አስፈቅደው በአጥሩ ሥር ያለውን ጠባብ መሬት አስቆፈሩንና ጎመን፣ ድንችና ጤና አዳም ተከልን፤ የሰው ጤና አዳም ሲያምር የሚቀና ሰው ያየሁት እዚያ ነው። መሬት ቢንቀጠቀጥ ብለው ደግሞ እያንዳንዳችንን ዓይናችንን አስጨፍነው የቤታችንን የውኃ መዝጊያ በዳበሳ አስፈለጉን። እኔ የፍሪጁን ገመድ ይዤ «አገኘሁት!» አልኩ። ያን ዕለት የሳቁትን ሳቅ አሁንም እሰማዋለሁ፤ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ድምፅ ሳያወጡ ነው የሚስቁት።

ጋሽ ሽፈራውም መጡ። «በዚህ ሳልፍ ነው» አሉ ሬዲዮ በብብታቸው ይዘው። ሦስት ቅዳሜ በተከታታይ በዚያ አለፉ። በአራተኛው እትዬ ለተ «ሊቀመንበር፣ ዛሬስ አያልፉም ወይ ብለን ሰግተን ነበር» ሲሏቸው ጓንት አጠለቁ።

የፈረንጅ ጎረቤቶችም ይምጡ ተብሎ ማስታወቂያ ይጻፍ ሲባል፣ ሥራው ለብሌን ተሰጣት። ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እኛ በአማርኛ ነገርናት፣ እሷ ስልኩን አስተረጎመችው። ስልኩ ደግሞ እድር ማለት የቀብር ማኅበር ነው አላት፤ የቁም ማለት የቆመ ነው አላት። ማንም ሳያየው አትማ በየደረጃው ለጠፈችው። ወረቀቱ «የቆመ ቀብር፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ የተሰበረ ዕቃ ይዛችሁ ኑ» ነው የሚለው።

ቅዳሜ ሊንዳ የምትባል ከሦስተኛ ፎቅ የማናውቃት ነጭ ሴት ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ ነጭ አበባ በአንድ እጇ፣ ኬክ በሌላ እጇ ይዛ መጣች። በዝምታ ከጠረጴዛው ፊት ቆመች። ጠረጴዛው ላይ ሆዱ የተዘረገፈ መጥረጊያ ማሽን አለ። ወደ እትዬ ለተ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ ማን እንደሞተ ጠየቀቻቸው።

እትዬ ለተ በእንግሊዝኛቸው፣ ወደ ማሽኑ እየጠቆሙ፣ «እሱ ነው። ግን ገና ተስፋ አለው» አሏት።

ሊንዳ ነገሩ ሲገባት እስክታለቅስ ሳቀች። ኬኩን እዚያው ቆርሰን በላነው። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜን አስታጉላ አታውቅም፤ ማስታወቂያውም ሳይታረም ቀረ፤ ሰው ደስ ብሎታላ።

በዓመቱ የጫካው ቃጠሎ ጭስ መጣ። ሰማዩ ብርቱካን ሆነ፤ በቀትር መኪናዎች መብራት አብርተው ነበር የሚሄዱት። የብሌን ደረት በመጀመሪያው ቀን ማታ እንደ ድመት ማጉረምረም ጀመረ። በማግስቱ በአፏ የምትስበው መድኃኒት፣ ኢንሄለሩ፣ የሚያቆያት ለጥቂት ጊዜ ብቻ ሆነ። ክሊኒክ ኮል አደረግኩ። ነርሷ ንጹሕ አየር ያለበት ክፍል ውስጥ አስቀምጪያት፣ ከንፈሯ ከጠቆረ አምቡላንስ ጥሪ አለችኝ። ንጹሕ አየር ከየት ይመጣል? የአየር ማጣሪያ የሚባለው ማሽን ከየሱቁ ሙልጭ ብሎ አልቋል። የልጄ አባት ትራክ ይዞ ሌላ ስቴት ነው። ልጄ አልጋ ላይ ተቀምጣ ትከሻዋን እያነሳች ትተነፍሳለች። እኔ ማሪያምን እየጠራሁ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት እመላለሳለሁ።

እትዬ ለተ አንኳኩ። መስኮት ላይ የሚቀመጠውን አራት ማዕዘን ማራገቢያ፣ ፋን፣ የቤት ማሞቂያ ውስጥ ገብቶ አየር የሚያጣራውን ፊልተር አራት፣ ቴፕና ካርቶን ይዘዋል። ዕቃውን ወለሉ ላይ ዘረገፉና ወንበር ስበው ተቀመጡ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«አራቱን ፊልተር እንደ ሳጥን አቁሚያቸው። ከታች ካርቶን፣ ከላይ ፋን። በቴፕ እሠሪው» አሉኝ።

«እሳት ቢነሳስ?»

«አየሽ! አሁን አድራሻው ተስተካከለ። ይሄ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። ገመዱን ቶሎ ቶሎ በመዳፍሽ ትዳስሺዋለሽ፤ ከሞቀ ትነቅይዋለሽ። ቤት ውስጥ ሰው ሳይኖር አይበራም።»

ቴፑ ፀጉሬ ላይ ይጣበቃል። «እትዬ፣ በእናትዎ፣ ልጄ እየታፈነች ነው! እርስዎ ቶሎ ይሠሩታል!»

«ቶሎ እሠራዋለሁ» አሉ ሳይነሱ። «ነገ ቴፑ ሲላቀቅ ግን እኔ የለሁም። ዓይኔ ልጅሽ ላይ ነው፣ ከባሰባት እኔው አምቡላንሱን እጠራለሁ። አንቺ እጅሽን እዪ። አጆኺ።»

አይዞሽ ማለታቸው ነው። እኔ ግን በዚያች ሰዓት ጠላኋቸው። እውነቱን ልናገር፤ ጥርሴን ነክሼ፣ በሆዴ እየሰደብኳቸው ነው የሠራሁት። ጨርሼ ልሰካው ስል እጃቸውን አነሱ።

«ንፋሱ በየት ገብቶ በየት ይወጣል?»

ፋኑን አየሁት፤ ወደ ላይ ነው የሚነፋው። ስለዚህ በጎን ገብቶ በላይ ይወጣል። ፊልተሩን አየሁት። ጠርዙ ላይ ቀስት አለ። የሦስቱ ቀስት ወደ ውስጥ ያመለክታል፤ የአንዱ ወደ ውጭ።

«ቀስት ለማንበብ አራተኛ ክፍል ይበቃል» አሉ።

ቴፑን በጥርሴ ቆርጬ አንዱን አዞርኩትና ሰካሁት። እንደ አውሮፕላን ጮኸ። ብሌንን አጠገቡ አስቀመጥናት። ገመዱን ዳሰስኩ፣ ደረቷን ዳሰስኩ፣ ገመዱን ዳሰስኩ፣ ደረቷን ዳሰስኩ። አንድ ሰዓት ሆነ። ከዚያ በላይም ሆነ። ትከሻዋ ወረደ። ጉርምርምታው ቀጠነ፣ ቀጠነ፣ ጠፋ። ከዚያ ዓይኗን ገልጣ «ማሚ፣ አይም ሀንግሪ» አለች። ራበኝ ማለቷ ነው።

በእትዬ ለተ ጉልበት ላይ ተደፋሁ። ሲጠሏቸውም ሲወዷቸውም ግድ የማይሰጣቸው ሴት ናቸው፤ ክንዴን ይዘው አነሱኝ።

«እኔን ተዪኝ። እዚህ ሕንፃ ውስጥ ስንት ደረት አለ?»

መጀመሪያ አልገባኝም። ቀጥለው «አሮጊት አለች፣ አራስ አለች፣ ሊቀመንበሩ ልባቸው ደካማ ነው። አንቺ ነሽ አሠራሩን የምታውቂው። ተነሽ፣ አንኳኪ» ሲሉኝ ነው የገባኝ። እኔ! የሰው በር ማንኳኳት የምፈራው ሴት፣ ማስክ አድርጌ፣ ፊልተር ታቅፌ፣ ፎቅ ለፎቅ ሳንኳኳ ዋልኩ። ሊንዳ ካርቶን ትቆርጣለች፣ ጋሽ ሽፈራው ቴፕ ይይዛሉ፣ እኔ «ቀስቱ ወደ ውስጥ!» እያልኩ እጮሃለሁ። ማኔጀሩም መጣ፤ ለእናቱ ፈልጎ ነው። በሦስተኛው ቀን በየኮሪደሩ ስታልፍ ከየበሩ ያ ድምፅ ይሰማሃል። ሕንፃው ራሱ የሚተነፍስ ይመስል ነበር። እትዬ ለተ ደረጃው ላይ ተቀምጠው፣ ጆሯቸውን ወደ ግድግዳው አዘንብለው ያዳምጡ ነበር። ያን ፊታቸውን እስከዛሬ አልረሳውም። ብዙ ትልልቅ ሰዎች አይቻለሁ፤ ኤርፖርት የማይታይ ሰው የለም። እንዲህ ያለ ሰው ግን አላየሁም።

ጉልበታቸው እምቢ ሲል ልጃቸው ታኮማ ወሰዳቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ይደውሉልኛል፤ ደህና ነሽ ወይ የለም፤ «ዛሬ ምን ተሠራ?» ነው። በዚህ ፀደይ ልጠይቃቸው ስሄድ አልጋ ላይ ነበሩ። ክስት ብለዋል። የጎመኑን ነገርኳቸው፣ የበርሜሉን ነገርኳቸው።

«ብሌን ትሮጣለች?» አሉኝ በመሀል።

«ኧረ አላስሮጣትም! ትምህርት ቤትም እንዳትሮጥ ወረቀት አጽፌላታለሁ።»

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። የተቀየሙኝ መሰለኝ። ከዚያ እጄን ያዙና «አየሩን የሠራንላት እንድትቀመጥበት ነው እንዴ ጓለይ?» አሉ። ሌላ ወሬ አመጣሁ። ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም።

የቀብሩ ዕለት ጠዋት ስልኬ ላይ የአየሩን ቀለም አየሁ፤ ቀይ ነው፣ ለጤና አይሆንም ማለት ነው። አልወስዳትም ብዬ ወስኜ ወደ ሳሎን ስወጣ ብሌን ጥቁር ለብሳ፣ ማስክ አድርጋ፣ ጫማዋን አሥራ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። አልለመነችኝም። ብትለምነኝ እምቢ እል ነበር። ቁልፉን አነሳሁ። ሁለት ኢንሄለር ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። መቃብሩ ጋ አንወርድም፣ በቀጥታ አዳራሽ ነው፣ ካፈነሽ እንመለሳለን፣ ኦኬ? አልኳት። ኦኬ አለችኝ። ፍሪዌዩን በቀስታ፣ ሰው እየጮኸብኝ፣ እስከ ታኮማ ነዳሁት።

የለቅሶ ቤት በር ክፍት ነው ሁልጊዜ። የዚህኛው ተዘግቷል፣ በሥሩም እርጥብ ፎጣ ተጎዝጉዟል። ጋሽ ሽፈራው በር ላይ ቆመው ሰዉን ቶሎ ቶሎ እያስገቡ መልሰው ይዘጋሉ። ከውስጥ ከሰው ድምፅ በፊት የሰማሁት የፋኑን ድምፅ ነው። በአራቱም ማዕዘን፣ በየመስኮቱ ሥር፣ በፎቶግራፋቸው ግራና ቀኝ፣ ያኔ እኛው የሠራናቸው ዓይነት ሳጥኖች ቆመዋል። እድርተኛው ትናንት ሲሠራ ነው የዋለው። ሊንዳም አለች።

ጋሽ ሽፈራው ጎንበስ ብለው ብሌንን አዩዋት። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ማስክሽን አውልቂ ልጄ» አሏት። «አየሩ ተሠርቷል።»

አየችኝ። እሺ በሚል ራሴን ነቀነቅኩ። አወለቀችው። ፎቶግራፋቸው ፊት ስትደርስ ቆመች፣ ትከሻዋ ተነሳ፣ «እማማ ለተዬ!» ብላ ጮኸች። በአማርኛ።

ልጄ በሕይወቷ ጮኻ አልቅሳ አታውቅም። ከሕፃንነቷ ጀምሮ፣ ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ሲጀምር «እሽሽ፣ በቃ፣ በቃ» እያልኩ አፏን በደረቴ እሸፍነው ነበር፤ ለቅሶ ደረቷን ይቀሰቅስባታል ብዬ። ስትወድቅ አላለቀሰችም። አያቷ ሲሞቱም አላለቀሰችም። አሁን ግን እየተንሰቀሰቀች ትጮሃለች፤ ትንፋሽ ስባ ደግማ ትጮሃለች። ሴቶቹ «ኧረ ያዟት፣ ኧረ ልጅቷን!» አሉ። የእኔ እጅ ቦርሳዬ ውስጥ ኢንሄለሩን ጨብጧል። ጆሮዬን ሰጥቼ አዳመጥኩ። ስትስብ ፉጨት የለውም። ደግማ ስትስብም የለውም። ረጅም፣ ሙሉ፣ ጥርት ያለ ትንፋሽ ነው።

እጄን ከቦርሳዬ አወጣሁ።

«ተዉአት» አልኳቸው። አጠገቧ ተቀመጥኩና «አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» አልኳት።